በወረዳ ከተማ መድኃኒት ከየት ልግዛ? ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ የግል መድኃኒት ቤት ወይስ ሱቅ

ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞች ይመሳሰላሉ። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ አለ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት «ፋርማሲ» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ከእሱ ሁለት በር አለፍ ብሎ «መድኃኒት መደብር» አለ። ወደ ገበያው ስትወርዱ ሳሙናና ባትሪ የሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ፓራሲታሞል ታያላችሁ። የገበያ ቀን ደግሞ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ካፕሱል በፍሬ የሚቸረችር አይጠፋም።

ሰው ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በቅርበት፣ በዋጋ ወይም በትውውቅ ነው። «የእገሌ ልጅ የከፈተው ነው» ይባልና ይኬዳል። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው። ገንዘባችሁን ከመቀበሉ በፊት ስለ በሽተኛው የሚጠይቃችሁ ሰው ያለበትን ቦታ ምረጡ። ዋጋውም፣ ቅርበቱም፣ የመደርደሪያው መስታወትም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ምንም ሳይጠይቅ የሚሸጥላችሁ ቤት፣ ነጭ ጋዋን ቢለበስበትም፣ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት ነው።

ታፔላው ምን ይላል?

በአገራችን የችርቻሮ መድኃኒት ቤት ሁሉ አንድ ደረጃ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክፍፍል ሦስት ነው፦ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት። ፋርማሲን የሚመራው ፋርማሲስት ነው። መድኃኒት መደብርን የሚመራው ድራጊስት እያልን የምንጠራው ከፋርማሲስት በታች ያለ ባለሙያ ነው። የገጠር መድኃኒት ቤት ከዚያም ዝቅ ያለ ሥልጠና ባለው ሰው ይሠራል፤ እንዲይዝ የሚፈቀድለት የመድኃኒት ዓይነትም ጥቂት ነው። እኛ ግን ሁሉንም «ዶክተር» ብለን እንጠራቸዋለን።

ለራስ ምታት፣ ለቃር፣ ለወስፋት፣ ለቁስል ማጠቢያ ከሆነ ሦስቱም ይበቃሉ። ለስኳር፣ ለልብ፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ብዙ መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ ሰው ከሆነ ፋርማሲስት ያለበትን ፈልጉ፣ ትንሽ ቢርቅም።

ችግሩ ታፔላው ላይ ያለው ደረጃና ባንኮኒው ጋ የቆመው ሰው አንዳንዴ አይገናኙም። ባለሙያው ወረቀቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይሠራል፤ መድኃኒቱን የሚያድለው የባለቤቱ የወንድም ልጅ ይሆናል። ይህ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የብቃት ማረጋገጫ እዩት። በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የባለሙያው ስምም አለበት። ከዚያ በትሕትና «ባለሙያው አሉ?» በሉ። «አሁን ወጣ ብለዋል» የሚል መልስ አንድ ቀን ያጋጥማል። በሄዳችሁ ቁጥር «ወጣ ብለዋል» ከተባላችሁ ግን ሰውየው ከመጀመሪያውም አልገቡም። ባለሙያው ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፋበት ትንሽ መደብር፣ ፋርማሲስቱ በስም ብቻ ካለበት ትልቅ ፋርማሲ ይሻለኛል።

ጤና ኬላ፦ ለወባና ለልጆች ተቅማጥ

ጤና ኬላን ብዙ ሰው የክትባትና የምክር ቦታ አድርጎ ብቻ ያየዋል። ያ ትክክል አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር መከላከል ላይ ያተኮረ ነበር፤ በኋላ ግን ሕክምናም ተጨምሮበታል። ዛሬ ባለሙያዋ የወባ ፈጣን ምርመራ ታደርጋለች፣ ኮአርተም ትሰጣለች፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ፣ ለሕፃናት የሳንባ ምች ደግሞ በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች።

ለወባ ጤና ኬላው ከግሉ መድኃኒት ቤት በግልጽ ይበልጣል። ምክንያቱም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ጣት ተወግቶ ይመረመራል። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም፣ ተራ ጉንፋንም ያተኩሳል። ወባ ቢሆን እንኳ ዝርያው ሲለይ መድኃኒቱም ይለያል። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ነው፤ ለቫይቫክስ የሚታዘዘው ሌላ ነው። ሳይመረምር ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሰጣችሁ ሰው እየገመተ ነው።

ኮአርተም ከወሰዳችሁ ደግሞ ሁለት ነገር እንዲነገራችሁ ጠብቁ። አንደኛ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ትኩሳቱ በማግስቱ ስለለቀቀ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። ወተት ይሆናል። ጾም ከሆነ ዘይት የገባበት ወጥ ወይም ኦቾሎኒ ይሆናል። ይህን ሳይነግር የሚሰጥ ሰው ግማሹን ሥራ ትቶታል።

የጤና ኬላ ድክመቱም ይታወቃል። ባለሙያዋ ለቤት ለቤት ሥራ ከወጣች በሩ ዝግ ነው። መድኃኒቱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ለአዋቂ ሰው ሕመም የምትይዘውም ጥቂት ነው።

ጤና ጣቢያ፦ ርካሽ ነው፣ ግን «የለም»

ጤና ጣቢያ ሁለት ትልልቅ ብልጫ አለው። መርማሪው፣ ላብራቶሪውና መድኃኒት ክፍሉ በአንድ ግቢ ናቸው። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከግሉ ያነሰ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒት እንዲሁም የወሊድ መቆጣጠሪያ በነጻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በገንዘብ የሚሸጥላችሁ ካጋጠመ እዚያው ትታችሁት ውጡ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይቀላል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። ዓመታዊ መዋጮውን ከፍላችሁ፣ መታወቂያውን አሳድሳችሁ፣ ከዚያ ዞራችሁ ከግል መግዛት በራስ ገንዘብ ላይ መጨከን ነው።

ችግሩ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ቃል ናት፦ «የለም»። ተሰልፋችሁ፣ ተመርምራችሁ፣ ማዘዣውን በመስኮቱ ስታስገቡ «ከውጭ ግዙ» ትባላላችሁ። እንዲህ ሲሆን ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ ተጽፎ ማኅተም እንዲመታበት ጠይቁ። አንዳንድ ወረዳዎች ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ወይም በከተማ አስተዳደርና በሆስፒታል ከተከፈቱ የማኅበረሰብ ፋርማሲዎች ጋር ውል አላቸው። ውል ካለ አባሉ እዚያ ሄዶ ይወስዳል። ውል ከሌለ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ የመድን ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ያለ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ ግን የትም ብትሄዱ አትስተናገዱም።

አንድ በጎ ነገር ልጨምር። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋ አሠራር አለ፤ በምኅጻር ኤፒቲኤስ ይባላል። በእሱ የሚሠራ ተቋም ውስጥ እያንዳንዱ መድኃኒት ከነብዛቱና ከነዋጋው ተዘርዝሮ ይሰጣችኋል፤ ሒሳቡም በኋላ ኦዲት ሊደረግ ይችላል። በአቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል እንዲህ የሚሠራ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሕክምና እዚያ መመላለሱ ያዋጣል።

የግል መድኃኒት ቤት፦ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲሆኑ

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ ብዙው ገንዘብም ብዙው ስሕተትም ያለው እዚህ ነው።

የግሉ ጥቅም ግልጽ ነው። ማታም ይከፈታል፣ እሑድም ይከፈታል፣ ሰልፍ የለም፣ ጤና ጣቢያው የሌለውን ይይዛል። ሁለት መድኃኒት ቤት ጎን ለጎን ሲሆኑ የትኛውን? በሚቀጥለው ጊዜ ፓራሲታሞል ልትገዙ ስትገቡ ዝም ብላችሁ አስተውሉ።

መጀመሪያ ጥያቄውን። አንዲት እናት ገብታ «ለሆድ ቁርጠት የሚሆን ስጠኝ» ስትል ደህናው ባለሙያ እንዲህ ይላል፦ «ለማን ነው እማማ? ለእርስዎ ነው? ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ? ጨጓራ አለብዎት? ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ለወጣት ሴት ከሆነ እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት እንዳለ ይጠይቃል። ለልጅ ከሆነ ዕድሜና ኪሎ ይጠይቃል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ዲክሎፌናክ ጨጓራ ያለበትን ሰው ሊያደማ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ጥያቄው ነገር ማብዛት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ለዚህ ነው የሚጠየቀው።

ቀጥሎ ሙቀቱን። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል ካርቶኑ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ ያልተመታ፣ ከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ክፍል በመተማ ወይም በሁመራ ሙቀት ምን እንደሚሆን አስቡት። ኮርኒስ አለው? መስኮቱ መጋረጃ አለው? ካርቶኖቹ መሬት ላይ ናቸው ወይስ በእንጨት ርብራብ ላይ? ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር የሰቀለና በየቀኑ የሚመዘግብ መድኃኒት ቤት ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። በደጋ ከተማ ይህ ያን ያህል አያሳስብም፤ እዚያ እርጥበቱን እዩ።

ፍሪጁን ደግሞ በተለይ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁ ሲከፈት ከኢንሱሊኑ ጎን ለስላሳና የምሳ ሳህን ካያችሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት መገመት አያቅትም። «መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጄኔሬተር፣ ሶላር ወይም የበረዶ ሣጥን ያለው ቀጥተኛ መልስ ይሰጣችኋል። ሌላው ይስቃል። ኢንሱሊኑ የቀዘቀዘ ብቻ ሳይሆን በረዶ ሆኖ የሚያውቅ ከሆነም ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ኤንፒኤች የሚባለው ነጣ ያለ ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል በቀስታ ሲንከባለል ወተት መስሎ እኩል መቀላቀል አለበት። እየተቆራረሰ ከተንሳፈፈ ወይም ብልቃጡ ላይ ከተለጠፈ አትቀበሉት።

ከዚያ አሰጣጡን። ኪኒን በባዶ እጁ የሚቆጥር አለ፤ ብርም በዚያው እጅ ነው የሚቀበለው። መቁጠሪያ ሰሃንና ማንኪያ የሚጠቀም አለ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ፖስታው ላይ የሚጻፈውን አንብቡ። «1 × 3» ብቻ ከሆነ አይበቃም። የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የበሽተኛው ስም፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወሰድ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። «በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል ብዙ ሰው ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ይወስደዋል፤ ሌሊቱ ባዶ ይቀራል። በየ8 ሰዓቱ ለሚወሰድ መድኃኒት «ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5» ብሎ በእኛው ሰዓት የሚጽፍላችሁ ሰው ሥራውን ያውቃል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ ስሎ፣ ከሥሩ በጭረት ፍሬውን አመልክቶ፣ «እስቲ እንዴት ነው የሚወስዱት? ይንገሩኝ» ብሎ መልሶ የሚያስደግም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አትልቀቁት።

ጾምን የሚጠይቅም እንደዚያው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ኪኒን ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ በረመዳንም እንዲሁ። ባለሙያው ካወቀ ሰዓቱን የሚያመቻችበት ወይም ሐኪሙ በቀን አንዴ በሚወሰድ እንዲቀይር የሚመክርበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። የንስሐ አባትን ማማከርም አለ።

ምስጢር መጠበቅ ደግሞ በትንሽ ከተማ ከሁሉም ይከብዳል። ልጅቷ የወሊድ መቆጣጠሪያ ልትጠይቅ ገብታ የባሏ እህት ከኋላዋ ቆማለች። ባለሙያው ጮክ ብሎ «የትኛውን ነው የፈለግሽው?» ካለ ያቺ ልጅ ሁለተኛ አትመለስም፤ ቀጣዩን ከገበያ ትገዛለች። ደህና መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ጥግ ላይ ጋረድ ያለ ቦታ አለው። ቦታ ባይኖረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለዚያ ገንዘብ አያስፈልግም።

መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ከሆነስ? አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጥሩ አገልግሎት ያየዋል። እኔ አላየውም። መርፌ መውጋት የክሊኒክና የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። በመርፌ ምክንያት ድንገት ሰውነቱ የተቆጣበትን ሰው ለመርዳት የሚሆን ዝግጅት ጓዳ ውስጥ የለም።

የፈረንጅ ዓመት ወጥመድ

ይህን ለብቻው የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቶን ላይ የሚታተመው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ «2025» የሚል ያየ ሰው ገና 7 ዓመት የቀረው ይመስለዋል። መድኃኒቱ ግን ወይ አልቆለታል ወይ ሊያልቅ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ፤ እንቁጣጣሽ ያለፈ ነው ማለት ነው። ቀን ሳይጻፍ ወርና ዓመት ብቻ ካለ መድኃኒቱ እስከዚያ ወር መጨረሻ ይሠራል። የፈረንጅ ወር መጨረሻ ደግሞ በእኛ ወር ከ20ኛው ቀን ወዲህ ወዲያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ 06/2026 የሚለው እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 11/2026 የሚለው ደግሞ እስከ ኅዳር 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሁለት ቀን አብረው ከታተሙ የኋለኛው፣ ራቅ ያለው ዓመት ነው የሚያበቃበት፤ ቀዳሚው የተመረተበት ነው።

ስትሪፑ ሲቆረጥስ? ቀኑ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ባለሙያው ቀኑ ካለበት ጫፍ ቆርጦ ለአንዱ ከሸጠ፣ ቀሪውን የሚገዛው ሰው ያለ ቀን ይወስዳል። ከሌላኛው ጫፍ የሚጀምረው ጠንቃቃ ነው። እናንተ የተቆረጠ ስትሪፕ ሲሰጣችሁ «ካርቶኑን ላየው» በሉ። ፊቱን የሚያኮሳትር ካለ ሌላው ጋ ሂዱ።

የትኛው ሕመም፣ የት?

ለልጅ ተቅማጥ ጤና ኬላ መጀመሪያ ነው፤ ሌሊት ከሆነ ኦአርኤስ ከማንኛውም ፈቃድ ካለው ቤት ይገኛል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። ሃይላንድ ስትጠቀሙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እዩ፤ ሁለት ሊትሩ አለ፣ ግማሹም አለ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሙላ። ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ደም ከታየ የመድኃኒት ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ባጃጅ ጥሩ።

የልጅ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ወይስ የሚሟሟ ኪኒን? ፍሪጅ በሌለበት ቤት የሚሟሟው ይሻላል። ሽሮፑ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንዴ ውኃ ከገባበት የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ስንት እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ውኃውን ቤታችሁ ወስዳችሁ በግምት ከምትሞሉት ባለሙያው እዚያው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ይሙላላችሁ። የወጥ ማንኪያም አይለካም፤ መለኪያውን ወይም ሲሪንጁን ጠይቁ።

አንቲባዮቲክ በጠቅላላው ያለ ማዘዣ አትግዙ። ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ በየትኛውም ከተማ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ብሎ መግዛት ይቻላልና። ሕጉ ግን በማዘዣ ይላል፤ ምክንያትም አለው። ጉንፋን በቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። አራት ፍሬ ገዝቶ ሲሻለው የሚተው ሰው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስም እንደዚሁ ከንቱ ልማድ ነው፤ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይበልጣል። «ይህን ያለ ማዘዣ አልሰጥም» ብሎ የመለሳችሁን መድኃኒት ቤት አትቀየሙት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ይልቅ እሱን እመኑት ብል አላፍርም፤ ገቢውን ትቶ ነው የመለሳችሁ።

የደም ግፊትና የስኳር ሰው ግን አንድ ቤት ይምረጥና ይጽና። ከተለያየ ቦታ ሲገዛ የንግድ ስሙ ይቀያየራል። አምሎዲፒን በሁለት የተለያየ ካርቶን ቤት ውስጥ ሲገኝ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚውጡ ሽማግሌዎች አሉ። ባዶውን ካርቶን ይዞ መሄድ፣ «ከዚህ ጋር አንድ ነው?» ማለት፣ መጠኑም 5 ይሁን 10 ሚሊግራም ማመሳከር ያስፈልጋል። የወር መድኃኒት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። የሚያስመጣላችሁ ባለሙያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የባሰ ነው።

ሱቅ፣ ገበያና የሻንጣ መድኃኒት

ስለ ገበያው ነጋዴ ብዙ አልልም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት የሚሸጠው ፈቃድ ባለው ተቋም ነው። ካርቶን የሌለው ካፕሱል ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ የሚያውቅ የለም። ሱቅ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ቢያንስ በስትሪፕ ነው፤ ቢሆንም ከሳሙናና ከጋዝ ጋር ነው የከረመው። ሌሊት ሌላ ከጠፋ ለአንድ ምሽት ይሆናል። አዋቂ በቀን ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን እንዳያልፍ፤ የጉንፋን ኪኒን ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ አብረው ይቆጠሩ።

ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር ዘመድ የሚልከው መድኃኒትም አለ። ኪሎ ለመቀነስ ካርቶኑ ተጥሎ፣ ወረቀቱ ወጥቶ፣ ሦስት ዓይነት ኪኒን በአንድ ጠርሙስ ይመጣል። እባካችሁ ለላኪው ንገሩ፦ ካርቶኑ ከነወረቀቱ ይምጣ። ከመጠቀማችሁ በፊትም ለመድኃኒት ባለሙያ አሳዩት። ደህናው ባለሙያ ከእሱ አልገዛችሁትም ብሎ አያባርራችሁም።

ዋጋስ?

ርካሹ ማን ነው ለሚለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎ ቀይ መስቀልና የማኅበረሰብ ፋርማሲው ነው። ከግሎቹ መካከል ልዩነት ስታገኙ ግን «ለምን?» በሉ። አንዳንዴ የተመረተበት አገር ይለያል፣ አንዳንዴ ፍሬው ያንሳል፣ አንዳንዴም ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሁለት ወር የቀረው መድኃኒት ለአምስት ቀን ሕክምና ምንም አይልም። ለስድስት ወር ለሚወሰድ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ደረሰኝ ሁልጊዜ ተቀበሉ፤ ለመድኑም ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ ችግር ካመጣ ከየት እንደተገዛ ማሳያችሁ እሱ ነው።

ወደ ዞኑ ከተማ መሄድስ ያዋጣል? ለፓራሲታሞል አያዋጣም። ለኢንሱሊን፣ ለሚጥል በሽታና ለልብ መድኃኒት፣ እዚህ ያለው ፍሪጅ ወይም ባለሙያ ካላሳመናችሁ ያዋጣል። ኢንሱሊን ይዛችሁ ስትመለሱ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ፀሐይ እንዳይመታው፣ ከበረዶ ጋርም በቀጥታ እንዳይነካካ በጨርቅ ጠቅልሉት። ቤት ፍሪጅ ከሌለ በውኃ የረጠበ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ፣ ጥላ ሥር ሆኖ፣ ሙቀቱን ደህና አድርጎ ይቀንሳል። ይህን ዘዴ ለስኳር ሕሙማን የሚመክሩ የጤና ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ነገር ሲበላሽ

ቀኑ ያለፈበት ከተሸጠላችሁ፣ ኪኒኑ ከተሰባበረና ቀለሙ ከተለወጠ፣ ወይም ከወሰዳችሁ በኋላ ሰውነታችሁን ካሳከከና ካበጠ፣ ቀሪውን አትጣሉ። ካርቶኑን፣ ፖስታውንና ደረሰኙን አንድ ላይ ያዙ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው፣ ሌላው ይቆይ። ካልሆነ መጀመሪያ ለሸጠላችሁ ሰው ንገሩ። ደህናው ይቀይርላችኋል፣ ከዚያው ምርት የቀረውንም ከመደርደሪያ ያወርዳል። ከተጣላችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የቁጥጥር ባለሙያ አመልክቱ፤ የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶችን በቅርብ የሚከታተለው እሱ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር ደግሞ 8482 ነው። ስትደውሉ የመድኃኒቱን ስም፣ የአምራቹን ስምና ካርቶኑ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር አጠገባችሁ አድርጉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።